የኤስ ኢ ሲ ቤዝቦል ውድድር በሁቨር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ዓመታቱ በፈረንጆች፣ ሰዓቱ በእኛ አቆጣጠር ነው።

ኤስ ኢ ሲ ምንድን ነው? ውድድሩስ?

ኤስ ኢ ሲ ሲባል ሳውዝኢስተርን ኮንፈረንስ ማለት ነው። በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች ያሉ 16 ትልልቅ ዩኒቨርሲቲዎች በስፖርት የሚፎካከሩበት ማኅበር ነው። ኮንፈረንስ ስለተባለ የስብሰባ አዳራሽ አይታሰባችሁ። ሊግ ብትሉት ይቀላል።

ቤዝቦሉ የሚጀምረው የካቲት ላይ ነው። እያንዳንዱ ቡድን በሊጉ ውስጥ 30 ጨዋታ ይጫወታል፤ በየሳምንቱ መጨረሻ ከአንድ ተጋጣሚ ጋር ሦስት ጊዜ ይገናኛል። ግንቦት ላይ ሠንጠረዡ ሲዘጋ ሁሉም ሻንጣውን ሸክፎ ወደ አንዲት ከተማ ይሄዳል። እዚያ ለስድስት ቀን በጥሎ ማለፍ ይጋጠማሉ። ይሄ ነው ውድድሩ። ከ1977 ጀምሮ በየዓመቱ ተካሂዷል፤ በኮሮና ምክንያት የቀረው የ2020ው ብቻ ነው።

የትኞቹ ዩኒቨርሲቲዎች ናቸው?

አላባማ፣ ኦበርን፣ አርካንሶ፣ ፍሎሪዳ፣ ጆርጂያ፣ ኬንታኪ፣ ኤልኤስዩ፣ ሚሲሲፒ ስቴት፣ ሚዙሪ፣ ኦል ሚስ፣ ሳውዝ ካሮላይና፣ ቴነሲ፣ ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም፣ ቫንደርቢልት፣ ቴክሳስ እና ኦክላሆማ። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ የገቡት በ2024 ክረምት ነው።

ሁለቱን ስም ብቻ ላብራራ። ኤልኤስዩ የሉዊዚያና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ነው። ኦል ሚስ የሚባለው ደግሞ የሚሲሲፒ ዩኒቨርሲቲ ነው። ከሚሲሲፒ ስቴት ጋር አታምታቱት፤ በተለይ ደጋፊዎቹ ፊት።

ሁቨር የት ናት? ለምንስ እዚያ ይደረጋል?

ሁቨር አላባማ ውስጥ፣ ከበርሚንግሃም ከተማ አጠገብ ያለች የመኖሪያ ከተማ ናት። የኤስ ኢ ሲ ዋና መሥሪያ ቤትም በርሚንግሃም ነው። ስለዚህ ውድድሩ ከአለቆቹ ደጃፍ አይርቅም። ሜዳው ሁቨር ሜትሮፖሊታን ስታዲየም ይባላል፤ ሰው ሁሉ ግን "ዘ ሜት" ነው የሚለው። የተከፈተው በ1988 ነው። ከአሥር ሺህ በላይ ሰው ይይዛል። ከ1998 ጀምሮ ውድድሩ ከዚያ ወጥቶ አያውቅም።

ይሄን ሜዳ ሳታውቁት ታውቁት ይሆናል። ማይክል ጆርዳን በ1994 ቅርጫት ኳስ ትቶ ቤዝቦል ሲሞክር የተጫወተው ለበርሚንግሃም ባረንስ ነበር፤ የቡድኑም ሜዳ ይሄው ነው። የዓለም ኮከብ የነበረ ሰው በአውቶቡስ ከትንንሽ ቡድኖች ጋር እየዞረ፣ ኳሱን በደንብ የመታው ከአምስቱ አንዱን ብቻ ነበር። ባረንስ በኋላ ወደ በርሚንግሃም መሀል ከተማ ሄዷል። ሜቱ ግን በየግንቦቱ ይሞላል።

ስለ ቤዝቦል ምንም ሳላውቅ ባየው ይገባኛል?

ይገባችኋል። አንደኛው ቡድን ይወረውራል፣ ሌላው በዱላ ይመታል። ወርዋሪው ፒቸር ነው። መቺው ኳሷን ከመታ ይሮጣል፤ አራቱን ማዕዘን ዞሮ መነሻው ላይ ከደረሰ አንድ ነጥብ ነው። ሦስት ሰው "አውት" ሲሆን ቦታ ይቀያየራሉ። ሁለቱም ተራ በተራ ከመቱ አንድ ኢኒንግ አለቀ ይባላል። ጨዋታው ዘጠኝ ኢኒንግ ነው። ሰዓት ሲሞላ ፊሽካ የሚነፋ ዳኛ የለም። ለእግር ኳስ ሰው መጀመሪያ ግር የሚለው ይሄ ነው።

ከቴሌቪዥኑ ቤዝቦል በድምፁ ትለዩታላችሁ። ፕሮፌሽናሎቹ በእንጨት ነው የሚመቱት። የኮሌጆቹ ዱላ ብረት ነው፣ ኳስ ሲነካ "ቲንግ!" ይላል። መጀመሪያ ቀን ያበሳጫል። በሦስተኛው ቀን እሱን ካልሰማሁ እንቅልፍ አይወስደኝም ያለ ጓደኛ አለኝ።

ጥሎ ማለፉ እንዴት ነው የሚሄደው?

ከ2025 ጀምሮ 16ቱም ይገባሉ፣ አንዴ የተሸነፈ ይወጣል። ግን ሁሉም እኩል አይጀምሩም። ማክሰኞ ከ9ኛ እስከ 16ኛ ያሉት ይጋጠማሉ። ረቡዕ ከ5ኛ እስከ 8ኛ ያሉት ማክሰኞ ያሸነፉትን ይጠብቃሉ። ከ1ኛ እስከ 4ኛ የወጡት እስከ ሩብ ፍጻሜው ድረስ ተቀምጠው ያያሉ፤ ሩብ ፍጻሜው ሐሙስና ዓርብ ነው። ቅዳሜ ግማሽ ፍጻሜ፣ እሁድ ፍጻሜ። በጠቅላላው 15 ጨዋታ ነው።

ሒሳቡን ብታዩት የሠንጠረዡ ዋጋ ይገለጥላችኋል። ከላይ ያለ ቡድን ሦስት ጨዋታ ካሸነፈ ዋንጫው የሱ ነው። ከታች ያለው አምስት ማሸነፍ አለበት፣ በስድስት ቀን ውስጥ። በወረቀት ላይ ለሁሉም በሩ ክፍት ነው። ሚዙሪ በ2025 ከ30 የሊግ ጨዋታ ያሸነፈው ሦስቱን ብቻ ነበር፤ እሱም ተጋብዞ ነበር። በመጀመሪያው ቀን ተሸንፎ ወደ ቤቱ ተመለሰ።

ድሮ ሁለት ጊዜ ካልተሸነፉ አይወጡም ይባል ነበር። ለምን ተቀየረ?

ልክ ነው፤ እስከ 2024 ድረስ እንደዚያ ነበር። የሚገቡት 12 ቡድኖች ነበሩ። ከመጀመሪያው ቀን በኋላ አንዴ የተሸነፈ ሌላ ዕድል ይሰጠዋል፣ ሁለተኛ ሲሸነፍ ይሰናበታል። ቅዳሜ ሲደርስ እንደገና ጥሎ ማለፍ ይሆናል። ጨዋታው 17 ይደርስ ነበር፤ ሠንጠረዡን ለማንበብ ደግሞ እስክሪብቶና ትዕግሥት ያስፈልግ ነበር።

ቴክሳስና ኦክላሆማ ሲገቡ ቁጥሩ 16 ሆነ። አራቱን ቤት ከማስቀረት ሁሉንም አስገብቶ ማሳጠር ተመረጠ። ለእኔ አዲሱ ይሻላል፤ እያንዳንዱ ጨዋታ የሞት ሽረት ነው። የድሮውን የሚናፍቁም አሉ። እነሱ የሚሉት፣ ከቴክሳስ ድረስ መኪና ነድቶ የመጣ ደጋፊ ቡድኑን ሦስት ሰዓት አይቶ ሆቴሉን መልቀቁ ግፍ ነው ነው። ይሄም እውነት አለው።

ከአትላንታ ወይም ከናሽቪል መሄድ ይቻላል?

ይቻላል፣ ሐበሻ ለሚበዛባቸው ለሁለቱም ከተሞች ቅርብ ነው። ከአትላንታ በአይ 20 አውራ ጎዳና ወደ ምዕራብ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ከናሽቪል በአይ 65 ወደ ደቡብ ሦስት ሰዓት ያህል። ከአትላንታ የምትሄዱ አንድ ነገር ልብ በሉ፦ የአላባማን ድንበር ስትሻገሩ ሰዓታችሁ አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ይመለሳል። ስትሄዱ ያተረፋችኋትን ስትመለሱ ትከፍላላችሁ። ማታ ጨዋታ አይቶ በማግስቱ ሥራ የሚገባ ሰው ይሄን ቢያስብበት ይሻላል።

ቦርሳ ከያዛችሁ ውስጡ የሚታይ ፕላስቲክ ይሁን። ቀን ላይ ፀሐዩ አይጣል ነው፤ ኮፍያ አትርሱ። ከስታዲየሙ አጠገብ የቤት መኪኖች የሚቆሙበት ሰፊ ቦታ አለ። በተለይ የኤልኤስዩ ደጋፊዎች እዚያ ሰፍረው፣ ድስት ጥደው፣ ሳምንቱን እንደ ሠርግ ቤት ነው የሚያሳልፉት። ሰላም ካላችኋቸው ሳትበሉ አትለቀቁም።

ከኢትዮጵያ ሆኜ ብከታተል በስንት ሰዓት ነው?

በግንቦት ሁቨር ከአዲስ አበባ ስምንት ሰዓት ወደ ኋላ ነች። ስለዚህ እዚያ ጠዋት 3 ሰዓት ተኩል ላይ የሚጀምር ጨዋታ አዲስ አበባ ላይ ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል ነው። እሁድ በእነሱ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ፍጻሜ ቢጀመር እናንተ ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ታዩታላችሁ። የማታዎቹን ጨዋታዎች ግን እርሷቸው፤ እናንተ ጋ ሊነጋ ሲል ነው የሚጀመሩት። አሜሪካ ላላችሁ አብዛኛው ጨዋታ በኤስ ኢ ሲ ኔትወርክ ይተላለፋል።

በሠንጠረዡ አንደኛ የወጣውና ሁቨር ላይ ያሸነፈው የተለያዩ ከሆኑ ሻምፒዮኑ ማነው?

ሁለቱም። አንደኛው የመደበኛው ውድድር ሻምፒዮን ነው፣ ሌላው የቱርናመንቱ። በእንግሊዝ እግር ኳስ ፕሪምየር ሊጉን አንዱ፣ ኤፍ ኤ ካፑን ሌላው እንደሚወስደው አስቡት። በ2025 ቴክሳስ በገባበት በመጀመሪያ ዓመቱ ሠንጠረዡን መራ። ሁቨር ላይ ግን ዋንጫውን የወሰደው ቫንደርቢልት ነው፤ በፍጻሜው ኦል ሚስን 3 ለ 2 አሸንፎ።

የትኛው ይከብዳል ብላችሁ አሰልጣኞቹን ብትጠይቁ፣ አሥር ሳምንት ሙሉ ከላይ መቆየቱ ይከብዳል የሚሉ ይመስለኛል። ለሁቨር ዋንጫ አንድ ጥሩ ሳምንት ይበቃል። በቱርናመንቱ ብዙ ዋንጫ ያለው ኤልኤስዩ ነው፣ 12።

ያሸነፈው ምን ያገኛል?

ዋንጫ፣ ፎቶ፣ እና አንድ ትልቅ ነገር፦ ወደ አገር አቀፉ ውድድር በቀጥታ መግባት። አገር አቀፉ 64 ቡድኖች አሉት። ከየኮንፈረንሱ የሚመጣ ሻምፒዮን ያለ ጥያቄ ይገባል። የቀረውን ቦታ ኮሚቴ ተቀምጦ ይመርጣል። 64ቱ በአራት በአራት ተከፍለው 16 ቦታ ይጫወታሉ። ከዚያ 16 ይቀራሉ፣ ከዚያ 8። ስምንቱ ነብራስካ ውስጥ ወዳለችው ኦማሃ ይሄዳሉ። ኦማሃ ከ1950 ጀምሮ የኮሌጅ ቤዝቦል መቋጫ ናት።

አሁን ነገሩን የሚያወሳስበው ይሄ ነው። ጠንካሮቹ የኤስ ኢ ሲ ቡድኖች ሁቨር ላይ አሸነፉም ተሸነፉም በኮሚቴው ምርጫ ይገባሉ። በ2025 ከ16ቱ 13ቱ አገር አቀፉ ውስጥ ገብተዋል። ስለዚህ የመግቢያ ቲኬቷን የሚያገኘው ብዙውን ጊዜ ቲኬት በእጁ ያለው ቡድን ነው።

ታዲያ ትልልቆቹ ቡድኖች ለምን ይደክማሉ? አንዳንዶቹ ግድ የሌላቸው ይመስላሉ።

ከሁሉም በላይ የሚጠየቀው ይሄ ነው፣ መልሱም የሰው ክንድ ነው። አንድ ጥሩ የኮሌጅ ፒቸር በሳምንት አንዴ ነው የሚጀምረው፣ ብዙውን ጊዜ ዓርብ። መቶ ገደማ ኳስ ይወረውራል። ከዚያ ክንዱን በበረዶ ጠቅልሎ እስከሚቀጥለው ዓርብ ያርፋል። አገር አቀፉ የሚጀምረው ደግሞ ከሁቨር ፍጻሜ አምስት ቀን ቆይቶ፣ ዓርብ ነው። አሰልጣኙ ኮከቡን ቅዳሜ ሁቨር ላይ እስኪደክም ካስወረወረው፣ በሚቀጥለው ዓርብ ምን ሊያደርግ ነው?

ስለዚህ ይሰስታል። ኮከቡን ሁለት ሦስት ኢኒንግ አስወርውሮ ያወጣዋል፣ ወይም ጭራሽ አያሰልፈውም። ሜዳ ላይ የሚወጣው በመደበኛው ወቅት እምብዛም ያላያችሁት የአንደኛ ዓመት ልጅ ነው። ተመልካቹ ያጉረመርማል። ልጁ ግን ሰባት ስምንት ሺህ ሰው ፊት ቆሞ መወርወርን እዚያ ይማራል፣ አንዳንዴም በዚያች ሌሊት ስሙ ይወጣል። እኔ ሁቨርን የምወደው ለዚህ ነው። ኮከቦቹን ለማየት ከሆነ መጋቢት ላይ ዓርብ ማታ ወደ አንዱ ካምፓስ መሄድ ይሻላል። ሁቨር ላይ የሚታየው ሌላ ነገር ነው፦ የአግዳሚው ጥልቀት።

ክንድ ስል ቀልድ አይደለም። ክርን ውስጥ ያለችው ጅማት ከተበጠሰች ቀዶ ጥገና አለ፣ ከዚያ ከአንድ ዓመት የማያንስ እረፍት። ልጁ ሃያ አንድ ዓመቱ ነው፣ ሐምሌ ላይ የፕሮፌሽናል ቡድኖች ምርጫ ይጠብቀዋል፣ ሚሊዮኖች ሊከፈሉት ይችላሉ። ለአንድ የሁቨር ዋንጫ ይሄን ሁሉ የሚያስይዝ አሰልጣኝ በሚቀጥለው ዓመት ተጫዋች አያገኝም።

ሁቨር ላይ ያሸነፈ አገር አቀፉንም ያሸንፋል ማለት ነው?

አይደለም። አንዳንዴ አዎ፦ ኤልኤስዩ በ2009፣ ቫንደርቢልት በ2019፣ ቴነሲ በ2024 ሁለቱንም በአንድ ዓመት ወስደዋል። የቴነሲው ለየት ይላል። በአገር አቀፉ 1ኛ ተብሎ የተመደበ ቡድን ዋንጫውን ሲወስድ ከ1999 ወዲህ እሱ የመጀመሪያው ነበር።

ግን ተቃራኒውን እዩ። በ2021 ሚሲሲፒ ስቴት ሁቨር ላይ ሁለት ጨዋታ ተጫውቶ ሁለቱንም በሰፊ ልዩነት ተሸነፈ። ደጋፊው አንገቱን ደፍቶ ተመለሰ። ከአንድ ወር በኋላ ኦማሃ ላይ የአገሪቱ ሻምፒዮን ሆነ። በዚያው ዓመት ሁቨርን ያሸነፈው አርካንሶ ኦማሃ እንኳን አልደረሰም።

የ2022ቱ ይብሳል። ኦል ሚስ በሊጉ ከ30ው 14 ብቻ ነበር ያሸነፈው። ሁቨር ላይ በመጀመሪያው ቀን በቫንደርቢልት ተሸነፈና ወጣ። በቃ፣ ዓመቱ አለቀ ተባለ። ኮሚቴው ስሙን ከሚገቡት ሁሉ መጨረሻ ላይ ጨመረው። ያ ቡድን ኦማሃ ገብቶ ኦክላሆማን አሸንፎ ሻምፒዮን ሆነ። በ2025 ደግሞ ቫንደርቢልት ከሁቨር ዋንጫውን ይዞ፣ በአገር አቀፉ 1ኛ ተብሎ፣ በራሱ ሜዳ ገና በመጀመሪያው ዙር ወደቀ። አገሩን ያሸነፈው ኤልኤስዩ ነበር። ስለዚህ እሁድ ማታ ሁቨር ላይ ያያችሁትን ይዛችሁ ከሰው ጋር አትወራረዱ።

በትንንሾቹ ኮንፈረንሶችም እንደዚህ ነው?

አይ፣ እዚያ ጉዳዩ ሌላ ነው። አብዛኞቹ ትንንሽ ኮንፈረንሶች ወደ አገር አቀፉ የሚልኩት አንድ ቡድን ብቻ ነው፣ እሱም የቱርናመንቱ አሸናፊ። ኮሚቴው ሁለተኛ አይጨምርላቸውም። ለምሳሌ ስዋክ የሚባለውና በታሪክ የጥቁሮች የሆኑ ኮሌጆች ያሉበት ኮንፈረንስ አለ፤ መሥሪያ ቤቱ እዚያው በርሚንግሃም ነው። እዚያ ዓመቱን ሙሉ አንደኛ ሆኖ የከረመ ቡድን አንድ መጥፎ ቅዳሜ ከገጠመው ልፋቱ ሁሉ ውኃ ይበላዋል። ኮከብን መቆጠብ ብሎ ነገር የለም፤ ያለህን ሁሉ ትወረውራለህ።

ከዚያ በር የገባ ደግሞ የት እንደሚደርስ አይታወቅም። በ2008 ፍሬስኖ ስቴት የኮንፈረንሱን ቱርናመንት አሸንፎ አገር አቀፉ ውስጥ ገባ። ከአራቱ አራተኛ ተብሎ ነበር የተመደበው። የአገሪቱ ሻምፒዮን ሆኖ ጨረሰ።

በመሀል ላይ ጨዋታው አልቋል ሲሉ አየሁ። ምን ሆኖ ነው?

የምሕረት ሕግ ይሉታል። ከሰባት ኢኒንግ በኋላ አንዱ ቡድን በ10 ነጥብ ወይም ከዚያ በላይ ከመራ ጨዋታው ያልቃል። ለተሸናፊው ከውርደት መዳን ነው፣ ለሁለቱም ደግሞ ክንድ መቆጠብ።

እኩል ከወጡስ?

እኩል መውጣት የለም። አንዱ እስኪያሸንፍ ኢኒንግ ይጨመራል። መለያ ምት የሚባል ነገርም የለም። በ2019 ሚሲሲፒ ስቴትና ኤልኤስዩ ማታ ጀምረው 17 ኢኒንግ ተጫውተዋል። ስድስት ሰዓት ከ43 ደቂቃ ፈጀ። ሚሲሲፒ ስቴት 6 ለ 5 ሲያሸንፍ ሰዓቱ ከሌሊቱ 9 ሰዓት አልፎ ነበር። መጨረሻ ላይ ወንበሩ ላይ የቀሩት ሰዎች ዛሬም "እኔ ነበርኩ" ይላሉ። ሁሉም ነበርኩ የሚሉትን ከቆጠርን ስታዲየሙ አይበቃም።

ዝናብ ከመጣስ?

ይመጣል። በግንቦት አላባማ ነጎድጓድ የተለመደ ነው። ዝናቡን ይታገሱታል፣ መብረቁን ግን አይደራደሩበትም። በአቅራቢያው መብረቅ ከታየ ሁሉም ከሜዳ ይወጣል። ከመጨረሻው መብረቅ 30 ደቂቃ ካለፈ በኋላ ነው መመለስ የሚቻለው። በ29ኛው ደቂቃ ሌላ ከበረቀ ቆጠራው እንደ አዲስ ይጀመራል። ማክሰኞና ረቡዕ በአንድ ሜዳ ላይ በቀን አራት ጨዋታ ስላለ፣ የጠዋቱ ሲዘገይ የማታው እኩለ ሌሊትን ይሻገራል። የማታውን ለማየት ቲኬት የገዛ ሰው ምሳውን በደንብ ይብላ።

ተጫዋቹ ራሱን መታ መታ ሲያደርግ አየሁ። ምልክቱ ምንድን ነው?

አቤቱታ ነው። በ2025 ሁቨር ላይ ኳሷ ስትራይክ ናት (መቺው ሊመታት በሚገባው ቦታ አልፋለች) ወይስ አይደለችም የሚለውን በካሜራ የሚለይ ሥርዓት ተሞክሯል። ዳኛው ተሳስቷል ብሎ የሚያስብ መቺ፣ ፒቸር ወይም ኳስ ተቀባዩ ወዲያው ኮፍያውን ወይም የራስ ቁሩን ይነካል። ስክሪኑ ላይ የኳሷ መንገድ ይወጣል፣ ሕዝቡ ይጮኻል፣ በሰከንዶች ይፈረዳል። ለአንድ ቡድን ሦስት ዕድል አለው። ትክክል ከሆነ ዕድሉ አይቀነስበትም። አሰልጣኙ ከአግዳሚው ሆኖ መጠየቅ አይችልም። ይሄ ጥሩ ነው፤ አለዚያ ሌሊቱን እዚያው እናድር ነበር።

ልጆቹ ይከፈላቸዋል?

ድሮ በይፋ አይከፈላቸውም ነበር። ከ2021 ሐምሌ ጀምሮ ግን በስማቸውና በምስላቸው ከማስታወቂያ ገንዘብ ማግኘት ተፈቅዶላቸዋል። ከ2025 ክረምት ጀምሮ ደግሞ ዩኒቨርሲቲዎቹ ራሳቸው መክፈል ይችላሉ። ነፃ ትምህርት ግን ሁልጊዜ ሲያከራክር ኖሯል። እስከ 2025 ድረስ አንድ የቤዝቦል ቡድን የነበረው 11.7 ስኮላርሺፕ ነው፣ ለሠላሳና አርባ ልጅ። ቆራርሰው ነበር የሚያድሉት። ከፊሉን ቤተሰብ ሲከፍል ኖሯል። አሁን ያ ገደብ ተነስቶ የተጫዋቹ ብዛት 34 ላይ ተወስኗል።

ትልቁ ገንዘብ ያለው ግን በፕሮፌሽናሎቹ ምርጫ ነው። በ2023 አንደኛና ሁለተኛ ሆነው የተመረጡት ፖል ስኪንስና ዲላን ክሩዝ ሁለቱም የኤልኤስዩ ልጆች ነበሩ። የአንድ ቡድን ልጆች አንድና ሁለት ሲሆኑ ያኔ የመጀመሪያው ነው። በዚያው ዓመት ግንቦት ሁቨር የሄደ ሰው ሁለቱን በአንድ ቡድን መለያ የማየት ዕድል ነበረው።

ሁቨር ላይ ማሸነፍ የሚጠቅመው ማንን ነው? በአፋፍ ላይ ያለ ቡድን ሁለት ጨዋታ ካሸነፈ ይገባል?

ሁለት ዓይነት ቡድን ነው የሚጠቀመው። አንዱ በራሱ ሜዳ ለመጫወት የሚሻማው ነው። ኮሚቴው ከላይ የሚደረድራቸው 16 ቡድኖች የመጀመሪያውን ዙር ደጋፊያቸው ፊት ያዘጋጃሉ፤ የላይኞቹ 8 ካለፉ ሁለተኛውንም እንዲሁ። በ17ኛ እና በ16ኛ መካከል ያለችው ልዩነት በነጥብ ስትታይ ትንሽ ናት፣ በአውሮፕላንና በሆቴል ሲታይ ሰፊ። ለዚህ ቡድን የሁቨር ሁለት ድል ሚዛኑን ሊያጋድል ይችላል።

ሌላው አፋፍ ላይ ያለው ነው፣ ለእሱ ግን ዋስትና የለም። ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም 2025ን የጀመረው ከአገሪቱ 1ኛ ተብሎ ነበር። ዓመቱ ተበላሸበት። ከላይ ያነሳኋት ሚዙሪ በሊጉ ያሸነፈቻቸው ሦስቱም ጨዋታዎች በእሱ ላይ ነበሩ፣ ያውም በገዛ ሜዳው። ሁቨር ላይ ነፍስ ዘራ፣ ሁለት ጨዋታ አሸነፈ፣ ሩብ ፍጻሜ ላይ ወደቀ። ኮሚቴው የሚያየው ሙሉውን ዓመት ስለሆነ ሁለቱ ድል የቀደመውን አላካካሰም። ሰኞ ስሞቹ ሲነበቡ የእሱ አልተጠራም።

ስሞቹ የሚነበቡት ሁልጊዜ ከፍጻሜው ማግስት፣ በአሜሪካኖቹ የሜሞሪያል ዴይ በዓል ቀን ነው። ሥራ የለም፣ ሁሉም ቴሌቪዥን ፊት ነው። ሁቨርን አይታችሁ የምትመለሱ ከሆነ ሰኞ ቀትር ላይ እንዳትተኙ።